ፕሮፌት 600 ሐረር ተቃኝቶ ድሬ ሲወርድ ለምን ይሸሻል? ቲዩን ቁልፉስ ለምን አይበቃም?

ከዚራ ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ፕሮፌት 600 የሚባል አናሎግ ሲንተሳይዘር ኪቦርድ ነው፤ ባለ ስድስት ድምፅ (ስድስት ኖት አንድ ላይ የሚያወጣ)፣ በየድምፁ ሁለት ሲኢኤም 3340 ኦሲሌተር፣ ማለት የድምፅ ሞገድ አመንጪ ቺፕ፣ ፈርምዌሩ (ውስጡ ያለው ፕሮግራም) የጥንቱ። ሐረር ልምምድ ላይ ፀባዩ ሸጋ ነው። ድሬ ወርዶ ሰርግ ቤት ሲተከል ግን ሦስት ነገር ያሳያል። በስልክ ቱነር የተለካውን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ተከፍቶ በ2 ደቂቃው ቲዩን፣ ማሽኑ ራሱን የሚቃኝበት ቁልፍ፣ ሲጫን ስድስቱም ድምፅ በ2 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ልዩነት ውስጥ ይገባል። ከ25 ደቂቃ በኋላ፣ ክፍሉ 34 ዲግሪ እያለ፣ ኤ 440 ላይ ድምፅ 1 +6፣ ድምፅ 2 +8፣ 3ኛው +3፣ 4ኛው +27፣ 5ኛው +7፣ 6ኛው +9። ደግሞ ቲዩን ሲጫን ሁሉም ይመለሳል። 4ኛው ብቻ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ለብቻው ወደ ላይ መሸሽ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መብራት ወደ 185 ቮልት ሲወርድ ሁሉም ድምፅ ይሻክራል። ቤዝ ኖት ላይ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ የላይኛው ኦክታቭ ቲዩን ከተጫነም በኋላ ከ5 እስከ 8 ሴንት ዝቅ ይላል።

ክራር ተጫዋቹ በየዘፈኑ መሀል ኪቦርዱን እየተከተለ መቃኘት ሰልችቶታል፣ እውነት አለው። ከየት ልጀምር?

ስታኞ፦

ሦስቱን አትደባልቅ አቦ፣ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ልውሰድ።

ቲዩን ቁልፍ ፎቶ ያነሳል እንጂ ቪዲዮ አይቀርፅም። ስትጫነው ፕሮሰሰሩ ድምፁን ዘግቶ ኦሲሌተሮቹን አንድ በአንድ ይጠራል፣ ለእያንዳንዱ የታወቀ ቮልት ይሰጣል፣ ከዚያ አንድ ዙር ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀ በ8253 ታይመር ይቆጥራል። ማመሳከሪያው ክሪስታል ስለሆነ ቆጠራው አይታማም፦ በ2 ሜጋኸርዝ ክሎክ ብናሰላ የ65.4 ኸርዝ ሲ ኖት አንድ ዙር ወደ 30,580 ቆጠራ ነው፤ አንድ ቆጠራ ቢሳሳት 0.06 ሴንት እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባና ከዚያ ወዲያ በምትነካው ኖት ሁሉ ላይ ይደመራል። በቃ፣ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ቺፑ በኋላ ቢሞቅ ማሽኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንተ በ2 ደቂቃው ስትጫን የቀዝቃዛ ማሽን ሠንጠረዥ ነው የያዝከው፤ በ25ኛው ደቂቃ የምትጫወተው ደግሞ ሌላ ማሽን ነው።

ሙቀቱ ለምን ቅኝት ይነካል ላልከው፣ ኦሲሌተሩ ቮልትን ወደ ኦክታቭ የሚለውጠው በትራንዚስተር ነው። አንድ ኦክታቭ ለመውጣት የትራንዚስተሩ ቤዝ ላይ የሚያስፈልገው ቮልት በ27 ዲግሪ 17.9 ሚሊቮልት ነው፤ በ45 ዲግሪ 19.0 ይሆናል። በየዲግሪው 0.33 በመቶ ማለት ነው። ማካካሻ በሌለው ኦሲሌተር 10 ዲግሪ ሲጨምር ከመነሻው አንድ ኦክታቭ የራቀ ኖት በ40 ሴንት፣ ሦስት ኦክታቭ የራቀ ደግሞ ከግማሽ ድምፅ በላይ ይሳሳታል። 3340 ይሄንን ውስጡ ስለሚያካክስ ነው አንተ ጋ የሚታየው ከ3 እስከ 9 ሴንት ብቻ የሆነው። የተረፈው ከቺፑ ዙሪያ ካሉት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ነው። ድምፅ 3 ትንሽ፣ ድምፅ 6 ብዙ የሸሸው በቦርዱ ላይ እንደተቀመጡበት ቦታ ነው፤ ትራንስፎርመሩና ሬጉሌተሩ አጠገብ ያለው ይበልጥ ይሞቃል።

ስለዚህ ሐረር የጫንከውን ቲዩን እርሳው። ሐረር ወደ 1,885 ሜትር፣ ድሬ 1,200 አካባቢ፤ ደንገጎን ወርደህ ስትጨርስ አየሩ ሌላ ነው። ማሽኑን ተክለህ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ 30 ደቂቃ አብርተህ ተወው። ፒች ዊሉ መሀል ላይ መቀመጡን በእጅህ አረጋግጥ። ያኔ ቲዩን ተጫን፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገም፣ ሰዓት በሞላ ቁጥር በዘፈን መሀል አንዴ ተጫን። የጣራ ቬንትሌተር ወይም ኤሲ በቀጥታ እንዳይነፍስበት ራቅ አድርገው፤ ኤሲው በበራና በጠፋ ቁጥር ቅኝቱ አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ከሰው ላብና ከአቧራ ለመጠበቅ ብላችሁ በጨርቅ የምትሸፍኑት ደግሞ ከሆነ፣ የአየር መውጫውን ክፍት ተዉት።

4ኛው ድምፅ ሙቀት ብቻ አይደለም። እመለስበታለሁ።

ሸዋ በር፦

ሁለተኛው የመብራት ነው፣ መቶ በመቶ። የሰማኸው ሻካራነት 100 ኸርዝ ነው፤ 50 ኸርዝ መብራት ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጠውን) ሲያልፍ እጥፍ ይሆናልና። ባለ 15 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቱን 15 ላይ አጽንቶ የሚይዘው)፣ ለምሳሌ 7815፣ መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ 17 ቮልት ይፈልጋል። 220 ሲኖር መግቢያው 21 ቮልት ነው እንበል። 185 ሲሆን 17.7 ይደርሳል። ይሄ አማካዩ ነው፤ ከሥር ሞገድ አለ። ግማሽ አምፔር የሚጎትት ማሽን ላይ ካፓሲተሩ ጤነኛ 4,700 ማይክሮፋራድ ከሆነ ሞገዱ 1 ቮልት አካባቢ ነው። አርጅቶ ወደ 2,200 ከወረደ ከ2 ቮልት ይበልጣል፣ ግርጌው 16.5 ይነካል። ያኔ ሬጉሌተሩ በሴኮንድ 100 ጊዜ እጁን ይሰጣል፣ ኦሲሌተሮቹም 100 ጊዜ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ቲዩን በዚያ ሰዓት ከተጫነ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ነገር ለክቶ ነው የሚያስቀምጠው።

መለኪያው፦ በዲሲ ላይ አድርገህ የሬጉሌተሩን መግቢያና መውጫ ምሽት ላይ ለካ። ልዩነቱ ከ3 ቮልት በታች ከሆነ ተጠርጣሪው ተገኘ። ድሬ ታይዋን ገበያ የምትገኘዋን ቢጫ ዲቲ 830 ቴስተር ኤሲ ላይ አድርገህ የሞገዱን ሚሊቮልት ለመለካት አትድከም፤ ትንሹ የኤሲ ሬንጇ 200 ቮልት ስለሆነ ምንም አታሳይህም። ኦሲሎስኮፕ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የዲሲ ልዩነቱ ይበቃል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም አድርግ። ዋናዎቹን ካፓሲተሮች በዚያው ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችል ቀይር። 85 ዲግሪ የሚለውን ለድሬ አትግዛ። ከዚያ 500 ቪኤ ስታቢላይዘር ለማሽኑ ብቻ ስጠው፤ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አታጋራ። ሪሌ ያለው ቀጭ ቀጭ የሚለው ዓይነት ይበቃል፣ ትንንሹን ዝላይ ሬጉሌተሩ ይውጠዋል። ርካሽ ዩፒኤስ ግን ተው፤ ሞገዱ ካሬ ነው፣ ትራንስፎርመሩን ያስጮኻል፣ ያሞቃል። ክዳን ስትከፍት ፕላጉ ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩም በሬዚስተር ተራግፎ ይሁን። የካፓሲተሩን እግሮች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማራገፍ የሚባለውን ነገር አቁሙ፣ ቦርድ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ሞኖ ብቻ፦

ጥያቄውን ልቀማው እንጂ፣ ቅርብ ስለሆነ ነው። በኤኤስ 3340 (የሲኢኤም 3340 ቅጂ) የተሠራ ባለ አንድ ኦሲሌተር ሞኖ ሲንት አለኝ፣ ቲዩን ቁልፍ የሚባል የለውም። ታችኛው ሲ በ1 ቮልት ልክ ሲሆን ሦስት ኦክታቭ በላይ ያለው ሲ በ4 ቮልት +18 ሴንት ነው። የላይኛውን በስኬል ትሪመር (በካቻቢቴ የሚዞር የኦክታቭ ስፋት ማስተካከያ) ዜሮ ሳደርግ የታችኛው ይሄዳል፣ እሱን ስመልስ የላይኛው ይሄዳል። ባለ 3,300 ፒፒኤም የሙቀት ማካካሻ ሬዚስተር ልጨምርበት ወይ?

ስታኞ፦

አይ፣ እሱን አትንካ። ያ ሬዚስተር በተናጠል ትራንዚስተር ጥንድ ለተሠሩ ኦሲሌተሮች ነው፤ እዚያም ቢሆን ትራንዚስተሮቹ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። 3340 ሥራውን ውስጡ ጨርሶታል። ብትጨምር ሁለቴ ታካክሳለህ፣ በየዲግሪው 0.33 በመቶ በተቃራኒው ትሸሻለህ።

የምትዞረው ስኬል ትሪመሩ የታችኛውንም ኖት ስለሚያንቀሳቅስ ነው። አስላው፦ 18 ሴንት በ3 ቮልት ላይ ሲካፈል በየቮልቱ 6 ነው። ስኬሉን በቮልት 6 ስትቀንስ በ4 ቮልት ያለው በ24፣ በ1 ቮልት ያለው በ6 ይወርዳል። እንግዲህ የላይኛውን ሲ ይዘህ ስኬሉን ዜሮ ላይ ሳይሆን -6 ላይ አቁም፤ የታችኛውም -6 ላይ ያርፋል። ከዚያ በቱን ፖት (ጠቅላላ ቅኝቱን በሚያነሳው ማዞሪያ) ሁሉንም በ6 አንሳ። ባንድ ዙር አለቀ፤ ቢበዛ ሁለተኛው ዙር የትሪመሩን መንሸራተት ለማረም ነው።

ክዳኑ ተከፍቶ ስትቃኝ ውስጡ ይበርዳል፣ ስትዘጋው ደግሞ ይሄዳል። ካርቶን በክዳኑ ልክ ቆርጠህ ትሪመሮቹ ባሉበት ብቻ ቀዳዳ አውጣ፣ ከድነው፣ 30 ደቂቃ ጠብቅ፣ በቀዳዳው በፕላስቲክ ካቻቢቴ ነካካ። ብረቱ ሲጠጋ ብቻውን ድምፁን ያዛባል፣ ያንን እያየህ ብታስተካክል ራስህን ነው የምታታልለው።

የስልክ ቱነር ቤዝ ላይ አትመን። ከሌላ ቋሚ ድምፅ ጋር አብረህ አሰማና ሁለቱ ሲጋጩ የሚሰማውን ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ቁጠር፦ ኤ 440 ላይ በሴኮንድ አንድ ሞገድ 4 ሴንት ገደማ ነው፣ 110 ላይ ግን ያው አንድ ሞገድ 16 ሴንት ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ኦክታቭ ላይ ቃኝ።

ዕቃውንም ተመልከት። የታይሚንግ ካፓሲተሩ 1 ናኖፋራድ ፖሊስታይሪን ወይም ሲ0ጂ ይሁን፤ ቡናማዋ ክብ ሴራሚክ ከሆነች ችግሩ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እሷው ናት። ፖሊስታይሪን በካውያ ሙቀት ይቀልጣል፤ ስትበይድ እግሩን በፒንሳ ያዝ። ሬዚስተሮቹ 1 በመቶ ሜታል ፊልም፣ ትሪመሩም ባለ ብዙ ዙር ሰርሜት። የካርቦን ትሪመር ዛሬ የቆመበት ቦታ ነገ የለም።

የከዚራ ማታ ሦስተኛ ጥያቄ እዚህ ይገባል። ሞገዱ በየዙሩ መጨረሻ ወደ ዜሮ ለመመለስ ትንሽ ጊዜ ይበላል። ያ ጊዜ 1 ማይክሮሴኮንድ ቢሆን በዝቅተኛ ኖት ማንም አያየውም፤ በ4 ኪሎኸርዝ ግን አንዱ ዙር 250 ማይክሮሴኮንድ ስለሆነ 0.4 በመቶ፣ ማለት 7 ሴንት ያህል ዝቅታ ነው። ያየኸው ቁጥር ይኸው ነው። 3340 ለዚህ ፒን 7 ላይ የላይኛው ኦክታቭ ማካካሻ አለው። ሞኖ ብቻ፣ አንተ በትሪመር ታደርገዋለህ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ስኬሉ ካለቀ በኋላ። ካስቀደምከው ሁለቱ ስህተቶች ይሸፋፈናሉ። ፕሮፌቱ ላይ ሲሞቅ የተጫነ ቲዩን ምን ያህሉን እንደሚያስተካክል መጀመሪያ እይ፤ ከዚያ የቀረው 5 ሴንት በዚያ ከፍታ ለሰርግ አያሳፍርም።

ደቻቱ ማዶ፦

አቦ ምን አደከማችሁ፣ 12ቱንም 3340 በአዲስ ቀይሩና ተገላገሉ። አለበለዚያ ጁኖ 106 ፈልጉ፣ እሱ ቲዩን አያውቅም።

ሸዋ በር፦

ጁኖ 106 ቲዩን የማይፈልገው ድግግሞሹ ከክሪስታል በታይመር ስለሚመጣ ነው፣ እውነት ነው። የሱ ጣጣ ደግሞ 80017ኤ የሚባሉት የድምፅ ቺፖቹ ናቸው፤ ቅኝቱ ሳይነቃነቅ ድምፁ ራሱ ይጠፋል። 12 ቺፕ መቀየሩ ግን ገንዘብ መበተን ነው። አምስቱ ድምፆች ከ3 እስከ 9 ሴንት ብቻ ሄደው አንዱ ብቻ 27 ከሆነ ቺፑ ላይ ከመፍረድህ በፊት አንድ ሙከራ አለ። ከዚራ ማታ፣ ቺፖቹ ሶኬት ላይ ከሆኑ የ4ኛውን ከ5ኛው ጋር አቀያይር። ሽሽቱ ወደ 5 ከሄደ ቺፑ ነው፤ 4 ላይ ከቀረ ቺፑ ንፁሕ ነው። ስትነቅል የአቀማመጡን ምልክት በስልክ ፎቶ አንሳ። ፒን ከታጠፈ በጥፍር ሳይሆን በቀጭን ፒንሳ መልስ።

ከዚራ ማታ፦

ተደርጓል። ሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ ማታ 17.4 ቮልት ነበር፣ መውጫው 14.8። ካፓሲተሮቹ ተቀይረው ስታቢላይዘር ከገባ በኋላ መግቢያው 20.6፣ መውጫው 15.0፤ ሻካራነቱ የለም። 30 ደቂቃ ጠብቆ በተጫነ ቲዩን አምስቱ ድምፆች ለአንድ ሰዓት በ3 ሴንት ውስጥ ቆዩ። የላይኛው ኦክታቭ -4።

ቺፑ ተቀያይሮ ሽሽቱ 4 ላይ ቀረ። አሁንም ወደ ላይ ነው፣ ከሌሎቹ በ20 ሴንት።

ስታኞ፦

አቅጣጫውን መጻፍህ ጥሩ ነው፣ ግማሹን መልስ ይዟል።

ፕሮሰሰሩ ያለው ዲኤሲ (ቁጥርን ወደ ቮልት የሚለውጥ) አንድ ነው። ለየኦሲሌተሩ ቮልቱን በማልቲፕሌክሰር (አንዱን መስመር በተራ ወደ ብዙ በሚያገናኝ ቺፕ) እየዞረ ያድላል፣ እያንዳንዱ ቮልትም ተራው እስኪደርስ ትንሽ ካፓሲተር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ፣ ዙሩ 5 ሚሊሴኮንድ ነው ብለን እናስላ። 1 ቮልት በኦክታቭ ከሆነ አንድ ሴንት 0.83 ሚሊቮልት ነው፤ 20 ሴንት በአማካይ 17 ሚሊቮልት፣ በጫፉ 33። ይሄንን ለማምጣት የሚበቃው የሚያፈስ ጅረት 67 ናኖአምፔር ብቻ ነው! ከ10 ቮልት ልዩነት ጋር 150 ሜጋኦም። ቴስተርህ 2 ሜጋኦም ላይ ያበቃል፣ በፍጹም አያየውም። ቦርዱ ላይ ከብየዳ የቀረ የስታኞ ፍላክስ ላብና የድሬ አቧራ ሲጨመርበት ግን 150 ሜጋኦም ቀላል ነው፤ ሲሞቅም ፍሳሹ ይጨምራል፣ ለዚህ ነው ከቲዩን በኋላም የሚሄደው።

ወደ ግራውንድ ቢያፈስ ድምፁ ይወርድ ነበር። ወደ ላይ የሚሄደው ከፕላስ መስመር ሲቀበል ነው። 4051 ዓይነት ማልቲፕሌክሰር ላይ ፕላሱ ፒን 16 ነው፣ ጎረቤቱ ፒን 15 ከስምንቱ መስመሮች አንዱ። የድምፅ 4 መስመር እዚያ ላይ መሆኑን በቴስተር ድምፅ ተከተል። ከዚያ አንድ ኖት አስይዘህ የእስክሪብቶ ቀፎ በቦታው ላይ አስጠጋና በአፍህ ሞቅ ያለ እርጥብ ትንፋሽ፣ ሃ በል። ድምፁ ወዲያው ከዘለለ ቆሻሻው እዚያ ነው።

ከዚራ ማታ፦

ፒን 15 ነው። ሃ ሲባልበት 4ኛው በ15 ሴንት ዘለለ፣ በ20 ሴኮንድ ተመለሰ። ሌሎቹ ላይ ሲሞከር አይነቃነቁም። በምን ልጠበው?

ስታኞ፦

99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ፈልግ። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ ቀሪው ውሃ ነው፤ እሱ ብቻ ከተገኘ ታጥቦ ሲያበቃ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይድረቅ። ፕላጉ ተነቅሎ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነክረህ የቺፑን ሁለቱንም ጎን፣ ይበልጡን ደግሞ የቦርዱን ሥር፣ ከፒን 16 ወደ 15 ሳይሆን ከፒኖቹ ወደ ውጭ ፋቅ። ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ እንዳታዛውር ሳይደርቅ በንፁሕ ጥጥ ጥረገው፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት አራቴ። ፎን ከተጠቀምክ በቀዝቃዛው። በኋላ በጣትህ አትንካው።

ከታጠበ በኋላ የትንፋሹን ሙከራ ድገም። ካልዘለለ ግን ሽሽቱ ካለ መጀመሪያ የዚያን መስመር 10 ናኖፋራድ በፖሊፕሮፒሊን ቀይር፣ ቀጥሎ ማልቲፕሌክሰሩን፣ ከሶኬት ጋር። ቲዩኑን የምትጫነው ሁሉም ተዘግቶ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ክዳኑን ስትመልስ የፊት ፓነሉ ሪባን ኬብል ከጠርዙ ሥር እንዳይቆነጠጥ እይ።